መጁሶች መመለስ ይችሉ ነበርን? ዙፋን ሲወድቅ ስለሚቀረው ነገር



ሰሞኑን በጀማዓችን መካከል አንድ የታሪክ ጥያቄ ከዶርም ዶርም ይዞራል። ሰሓቦች (ረ.ዐ) ፋርስን ከከፈቱ በኋላ መጁሶች፣ ማለትም ዞራስትራውያን፣ ያጡትን ሥልጣን መልሰው መያዝ ይችሉ ነበር? ገሚሱ «አላህ የወሰነውን ማን ይመልሰዋል? ኢስላም ከገባበት አይወጣም» ብሎ ይዘጋዋል። ገሚሱ ደግሞ ጥያቄውን ወዲያው ወደ አገራችን ያመጣና «ታዲያ የኢማም አሕመድ መንግሥት ለምን አልጸናም?» ይላል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ፋርስ መሆኑ ቀርቶ ስለ እኛ ይሆናል።

ጥያቄው ለእኛ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። ብዙዎቻችን በሊበን፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ገጠር ያደግን ነን። ቁጥራችን ጥቂት ነው። ዙፋን የሌለው ሃይማኖት እንዴት እንደሚኖር የተማርነው ከመጽሐፍ በፊት ከአያቶቻችን ነው። ስለዚህ ነገሩን በስሜት ሳይሆን በሚዛን ልናየው ይገባል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። መጁሶች የመመለስ ዕድል ነበራቸው፤ ግን ጠባብ ነበር፤ ቶሎም ተዘጋ። የዘጋውም ሰይፍ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ ሃይማኖታቸው በዙፋኑ ላይ እጅግ ተደግፎ ስለነበር ዙፋኑ ሲወድቅ አብሮ ተንገዳገደ። ሁለተኛ፣ ሥልጣን የፈለገ ፋርሳዊ ሥልጣኑን በሌላ በር አገኘው። ከዚህ ለእኛ የሚወጣው ትምህርት የዙፋን ናፍቆት አይደለም። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወደቀው ምን ነበር?

ፋርስ ለእኛ አገር ታሪክ ሩቅ አይደለችም። ከአክሱም የሄዱት ሐበሾች ደቡብ ዓረቢያን ሲገዙ ቆይተው፣ የአብረሃ ልጆች የየመንን ሥልጣን ያጡት በ570ዎቹ አካባቢ ኪስራ በላከው ጦር ነው። የዚያ ጦር ዘሮች እዚያው የመን ቀሩ፤ የኪስራ አገረ ገዢ የነበረው ባዛንም በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሰለመ። እንግዲህ የፋርስ ሰው ወደ ኢስላም የመጣው ከቃዲሲያ ጦርነት በኋላ ብቻ አይደለም። ከመጁስ ቤት ወጥቶ እውነትን ፍለጋ አገር ለአገር የተንከራተተውን ሰልማን አል-ፋሪሲን (ረ.ዐ) የማያስታውስ ማን አለ?

የሳሳኒድ መንግሥት ከ400 ዓመታት በላይ የቆየ ኃያል መንግሥት ነበር። የዞራስተር ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት ነበር። ሞበድ የሚባሉት ካህናት ዳኝነቱን ይዘው ነበር፤ የእሳት ቤቶቹም በንጉሡና በመኳንንቱ ሀብት ይተዳደሩ ነበር። ክህነቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። ከ602 እስከ 628 ድረስ ፋርስና ሮም ሁለቱንም ያደቀቀ ጦርነት ተዋጉ። ሱረቱ አር-ሩም የምትነግረን ስለዚሁ ጦርነት ነው፤ መካ የነበሩት ሙስሊሞች ልባቸው የመጽሐፍ ባለቤት ከሆኑት ከሮሞች ጋር እንደነበርም እናውቃለን።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዳግማዊ ኹስረው በ628 በልጁ ተገልብጦ ተገደለ። ወረርሽኝ ተከተለ። በአራት ዓመት ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሰዎች በዙፋኑ ተፈራረቁ። የመጨረሻው ንጉሥ የዝደገርድ በ632 ሲነግሥ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) የተመራው ጦር በ636 አካባቢ ቃዲሲያ ላይ አሸነፈ፤ ዋና ከተማዪቱ መዳኢን ወዲያው ተያዘች፤ በ642 ነሃወንድ ላይ የመጨረሻው ትልቅ የፋርስ ጦር ተበተነ። ንጉሡ ከግዛት ወደ ግዛት ሲሸሽ የገዛ መኳንንቱ ደጃቸውን ዘጉበት፤ አንዳንዶቹ ለየራሳቸው ከሙስሊሞቹ ጋር ውል ተዋዋሉ። በ651 መርው አጠገብ ሲገደልም የከዳው የራሱ አገረ ገዢ ነበር። በወፍጮ ቤት ውስጥ እንደተገደለ ይተረካል። አራት መቶ ዓመት ዓለምን ያንቀጠቀጠ ዙፋን መጨረሻው ወፍጮ ቤት ሆነ፤ ሱብሃነላህ!

ለመመለስ የሞከሩት

«ማንም አልሞከረም» የሚል ካለ ታሪኩን አላነበበም። የየዝደገርድ ልጅ ፔሮዝ ወደ ቻይና ሄዶ ከታንግ ነገሥታት እርዳታ ለመነ። ማዕረግ ሰጡት፤ ዘረንጅ ላይም የ«ፋርስ» አስተዳዳሪ ብለው ሾሙት። ግን ቻይና ሩቅ ነበረች፤ ጦሯም ለእሱ ብላ በረሃ አታቋርጥም። ፔሮዝ በስደት ሞተ። ልጁ ነርሴህም በቶኻሪስታን ሃያ ዓመት ያህል ታግሎ ባዶ እጁን ወደ ቻይና ተመለሰ።

ከካስፒያን ባሕር በስተደቡብ ባለው ተራራማው ጠበሪስታን፣ የአካባቢው መሳፍንት የጥንቱን ሃይማኖት ይዘው እስከ 760 ገደማ ቆዩ። ተራራው ጠበቃቸው፤ ግን ከተራራው ወርደው አገር ሊመልሱ አልቻሉም።

በ740ዎቹ መጨረሻ በኹራሳን ቢሃፈሪድ የሚባል ሰው የአባቶቹን ሃይማኖት አድሳለሁ ብሎ ተነሣ፤ ተከታይም አገኘ። እዚህ ላይ የሚያስገርመው ነገር አለ። ቢሃፈሪድን ለአቡ ሙስሊም ከስሰው ያስያዙት ሞበዶቹ ራሳቸው ናቸው! ነባሩ ክህነት ሕዝባዊውን ንቅናቄ ከሙስሊሙ ገዢ ይልቅ ፈራው። በ755 አቡ ሙስሊም በኸሊፋው ትእዛዝ ሲገደል ሱንባዝ የተባለ መጁስ ደሙን እመልሳለሁ ብሎ ከኒሻፑር ተነሥቶ ሬይ ደረሰ፤ ንቅናቄው ከጥቂት ወራት አላለፈም። ባበክ ከ816 እስከ 837 ድረስ በአዘርባይጃን ተራሮች ሃያ ዓመት የአባሲዶችን ጦር ሲያርበደብድ ኖረ። ነገር ግን የባበክ ወገኖች ኹረሚያዎች ናቸው፤ ሞበዶቹ እንደ መናፍቅ ያዩዋቸው ነበር። የመጨረሻው መርዳዊጅ ነው። በ930ዎቹ መጀመሪያ ኢስፋሃንን ይዞ፣ የወርቅ ዙፋን አሠርቶ፣ የኪስራን መንግሥት ሊመልስ ባግዳድን ሲያልም በ935 የገዛ ቱርክ ወታደሮቹ ገደሉት።

እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታየናል። ንጉሣዊው ቤተሰብ ቻይና ነበር፤ መኳንንቱ ተራራ ላይ ነበሩ፤ ካህናቱ ከገዢው ጋር ተስማምተው ነበር፤ ገበሬው ደግሞ ለየመናፍቁ ይነሣ ነበር። በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ እነዚህ አራቱ አንድም ቀን በአንድ ሰንደቅ ሥር አልቆሙም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይህ ድር ግን ከመጀመሪያውም አልተገመደም።

በሌላ በር የተመለሰው ሥልጣን

ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የፋርስ ሰው ሥልጣን ለማግኘት መጁስ መሆን አላስፈለገውም።

ሙስሊሞቹ ፋርስን ሲይዙ የግብሩን መዝገብ የያዙትን ጸሐፊዎች አላባረሩም። እስከ 697 አካባቢ ድረስ በኢራቅ መዝገቡ የሚጻፈው በፋርስኛ ነበር። ኩፋና በስራ የጦር ሰፈር ሆነው ተቆረቆሩ፤ ኋላ የዒልም ከተማ ሆኑ። በ671 ደግሞ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የዓረብ ቤተሰቦች በኹራሳን እንደሰፈሩ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እነዚህ ሰዎች ነገ የሚመለሱ ዘማቾች አልነበሩም፤ ጎረቤት ሆኑ፣ ተጋቡ፣ ልጆቻቸውም ፋርስኛ ተናገሩ። ኸሊፋ ሲሞት ኸሊፋ ይተካል፤ ሥርዓቱ በአንድ ሰው ነፍስ ላይ አልተንጠለጠለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንይ። ከመጁስ ቤተሰብ የተወለደው አል-ፈድል ኢብን ሰህል ሰልሞ የኸሊፋ መእሙን ዋና ሹም ሆነ። ከሳሳኒድ ዘመን መኳንንት እንወለዳለን የሚሉት ሳማኒዶች በመካከለኛው እስያ የራሳቸውን መንግሥት መሠረቱ። ከደይለም ተራራ የወረዱት ቡያውያን በ945 ባግዳድ ገብተው ኸሊፋውን በእጃቸው አደረጉ፤ «ሻሃንሻህ» የሚለውን የጥንት ማዕረግም አነሡት። ሁሉም ሙስሊሞች ነበሩ። ስለዚህ «ፋርሶች ሥልጣናቸውን መለሱ ወይ?» ከተባለ መልሱ አዎን ነው። «መጁሶችስ?» ከተባለ አይደለም። ሥልጣኑ ተመለሰ፤ የእሳት ቤቱን ግን አልፎት ሄደ።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ፋርስኛ አልሞተም፤ በዓረብኛ ፊደል ተጽፎ የግጥምና የዒልም ቋንቋ ሆነ። የሞበዶቹ መጻሕፍት ግን በፓህላቪ ቀሩ። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንቶቻቸው ትልልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ በመእሙን መጅሊስ ቀርበው ስለ ሃይማኖታቸው ተከራክረዋል። ሆኖም ተራው ገበሬ ፓህላቪ አያነብም። ልጁ በገበያ የሚሰማው ቋንቋ ሌላ፣ በእሳት ቤት የሚሰማው ሌላ ሆነ። ሃይማኖት ከሕዝቡ አፍ ሲወጣ ወደ መጽሐፍ ሣጥን ይገባል።

የእኛ አገር ተቃራኒ ምሳሌ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በፋርስ ያልሆነው በኢትዮጵያ ሆኗል። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የአፄ ልብነ ድንግልን ጦር አሸንፈው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የደጋውን አብዛኛውን ክፍል ያዙ። አፄ ልብነ ድንግል ከአምባ አምባ ሲሸሹ ኖረው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሞቱ። በዚያን ሰዓት አንድ ታዛቢ ቢጠየቅ «የሰሎሞናውያን ዙፋን እንደ ኪስራ ዙፋን አበቃለት» ይል ነበር። ነገር ግን በየካቲት 1543 ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ሲገደሉ ሠራዊታቸው ተበተነ፤ አፄ ገላውዴዎስም ዙፋኑን መለሱ። ከሽምብራ ኩሬ እስከ ወይና ደጋ አሥራ አራት ዓመት ብቻ ነው።

ልዩነቱ ምን ነበር? አራት ነገር እንቁጠር።

አንደኛው ጊዜ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የተወለደ ልጅ ገና ጎረምሳ ነው፤ አባቱ የቀድሞውን ሥርዓት ያስታውሳል። በፋርስ ግን ትውልድ በትውልድ ላይ አለፈ። ሁለተኛው ሥርዓት ነው። የኢማሙ ድል በኢማሙ ላይ ቆሞ ነበር። ኩፋና በስራን የመሰለ፣ መሪ ሲወድቅ የማይወድቅ ነገር በደጋው ላይ ገና አልተተከለም። ሦስተኛው እርዳታ ነው። ቻይና ለፔሮዝ ማዕረግ ሰጠች፤ ፖርቱጋል ግን በ1541 በምጽዋ በኩል አራት መቶ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ላከች። ኢማሙም ከኦቶማን ቱርክ ነፍጠኛ አስመጥተው ስለነበር፣ የመጨረሻው ጦርነት የሁለት ሩቅ ኃያላን መሣሪያ የተፈተነበት ሆነ። አራተኛው ሥር ነው። ቤተ ክርስቲያን ንጉሥ ነበራት፤ ግን በንጉሥ ብቻ አልቆመችም። በየገዳሙና በየገጠሩ ደብር፣ በገበሬው ጾምና በዓል ውስጥ ነበረች። ገዳሙ ሲቃጠል መነኩሴው ዋሻ ገባ፤ ዋሻው ውስጥ ያስተማረው ልጅ ኋላ ተመልሶ ደብሩን ሠራ።

በጎጃም ገጠር ፈርሶ ለተገኘ ግንብ ሁሉ «ግራኝ ያፈረሰው ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። ስንሰማው አንገታችንን የደፋን፣ ወይም በተቃራኒው በሆዳችን የኮራን እንኖራለን። ሁለቱም አይጠቅመንም። ዓረብ ፈቂህ የጻፈው ፉቱሕ አል-ሐበሻም የአፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕልም አሉ። ሁለቱን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ዙፋኑን የመለሰው ወገንም አላረፈም። አፄ ገላውዴዎስ በ1559 ከኢማሙ ተተኪ ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጋር ሲዋጉ ተገደሉ። አሚር ኑርም ያሸነፉባትን አገር ሊይዙ አልቻሉም፤ በስማቸው የሚታወቀው የሐረር ግንብ ጀጎል የተዳከመ ሕዝብ መጠለያ ነው። ሁለት ወንድማማች ሕዝብ ተዋግቶ ሁለቱም ደከመ። ይህን ዘመን መናፈቅ እንዴት ይቻላል?

መሪው ሄዶ ሕዝቡ ሲቀር

ከፋርስ ጋር ይበልጥ የሚነጻጸረው ግን የወሎ ነገር ነው። እዚያ የተሸነፈው ወገን እኛው ነን። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው፣ ሙስሊሙ ክርስትና እንዲነሣ አወጁ። የወሎ መሪዎች ክርስትና ተነሡ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። ይህ የአል-ፈድል ኢብን ሰህል መንገድ ነው፤ ሥልጣኑ በሌላ በር አለፈ።

ግን ፋርስ ላይ የሆነው ወሎ ላይ አልሆነም። በፋርስ መኳንንቱ ሄዱ፣ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ተከተለ። በወሎ መሪዎቹ ሄዱ፣ አብዛኛው ሕዝብ ግን ቀረ። ቀን በአደባባይ ክርስቲያን፣ ሌት በጓዳ ሙስሊም ሆኖ የኖረ ብዙ ነው። አገር ጥሎ የተሰደደም፣ እንደ ሼኽ ጦልሃ ኢብን ጀዕፈር የሸፈተም አለ። አፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ሞተው የአዋጁ ጊዜ ሲያልፍ ወሎ ወሎ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሦስት መቶ ዓመት አይደለም፤ ይህን መካድ ሚዛን ማጉደል ነው። ሆኖም ጊዜው ብቻ አይደለም። የወሎ ኢስላም በኢማሞቹ አደባባይ ላይ ብቻ አልተተከለም። በየመንደሩ ሼኽ ነበረ፤ ደረሳው ቁራሽ ለምኖ የሚቀራበት ሐሪማ ነበረ፤ እናት ልጇን ስታባብል የምታንጎራጉረው መንዙማ ነበረ። ሼኽ ጦልሃ ራሳቸው በዓረብኛ ፊደል የጻፉት በአማርኛ ነው። ፓህላቪ የሞበዱ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ የወሎ ሼኽ ዲኑን በገበሬው አፍ አስገባው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የእኛ የጎጃም ሙስሊሞች ታሪክ ደግሞ ከዚህም የጠበበ ነው። አባቶቻችን እዚህ ዙፋን ኖሯቸው አያውቅም። ከምጽዋ ተነሥቶ በጎንደር በኩል፣ በባሶ ገበያ አድርጎ፣ ዐባይን ተሻግሮ እናርያ የሚዘልቀው የሲራራ ንግድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። ጎንደር ላይ በ1668 የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ወስኖ ነበር። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ሚዛን ይይዛል፣ ጥበብ ይሸምናል፣ አጋሰስ ይነዳል። በዚህ ሚዛንና በዚህ አጋሰስ ዲኑ እዚህ ደረሰ። መጁሶች ዙፋን ነበራቸው፤ ሲያጡት ተበተኑ። እኛ አጥተነው የምንበተንለት ዙፋን አልነበረንም።

በእኛ ላይ ሲሆን የምንጠላው

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ማንሣት ግድ ነው። በእኛ ላይ ሲሆን ያማረርነውን በሌላው ላይ ሲሆን ማድነቅ አይገባንም።

የኢስላም መሠረት በዚህ ነገር ግልጽ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ከመጁሶች ጂዝያ ስለመቀበል አመንትተው ሳለ፣ አብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሐጀር መጁሶች እንደተቀበሉ መስክረው ጉዳዩ ተቋጨ። ይኸውም ነፍሳቸው፣ ንብረታቸውና የእሳት ቤታቸው በውል ተጠበቀ ማለት ነው። በኋላ ግን ውሉን ያላከበሩ ገዢዎች መጡ። በኡመያዎች ዘመን የሰለመውን ሰው ሳይቀር ጂዝያ ያስከፈሉ ሹማምንት ነበሩ፤ ይህን ያረመው ዑመር ኢብን አብዱልዐዚዝ ነው። በ861 ደግሞ ኸሊፋ አል-ሙተወኪል መጁሶች እንደ ቅዱስ የሚያዩትን የካሽማርን ትልቅ ጥድ አስቆረጠ። ይህን ጥድ መቁረጥ ለኢስላም ምን ጨመረለት? ምንም።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ መስጂዶች ሲቃጠሉ ያዘንነውን ሐዘን እናስታውሳለን። ያን ቀን የፈለግነው ነገር የቁጥር ብልጫ አልነበረም፤ ጎረቤት ወጥቶ «ይህ ነውር ነው» እንዲል ነበር፤ ያሉም ነበሩ። ያን የጠበቅነውን ቃል እኛም ለካሽማር ጥድ፣ በኢማሙ ዘመን ለተቃጠሉት ገዳማትም ልንናገረው ይገባል። ይህን ማለት ኢማንን አያጎድልም። ዲናችን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያዘነብለን ያዘዘን ነውና።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። «አላህ ወስኗል» የሚለው ወንድማችን ልክ ነው፤ ቀደርን ያላመነ አላመነም። ነገር ግን አላህ የድልና የሽንፈት ቀናትን በሰዎች መካከል እንደሚያፈራርቅ ነግሮናል፤ ለሁሉም ሰበብ አድርጎለታል። አንደሉስ ከ700 ዓመታት በላይ የሙስሊም አገር ሆና በ1492 ግራናዳ ወደቀች። «ከገባበት አይወጣም» የሚለው አባባል እዚያ አልሠራም። ስለዚህ በዙፋን ላይ የተማመነ ሁሉ፣ ሙስሊምም ቢሆን፣ የየዝደገርድን ወፍጮ ቤት ያስብ።

መጁሶችም ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። በየዝድና በኪርማን፣ በባሕር ተሻግረው በሄዱበት በሕንድ ጉጀራት፣ ኋላም በሙምባይ እስከ ዛሬ አሉ፤ በዓለም ዙሪያ ከጥቂት መቶ ሺህ አይበልጡም። በኢራን የቀሩት በ1882 ከጂዝያ ነፃ የወጡት በጦር አልነበረም፤ ነግደውና ተምረው የከበሩት የሕንድ ወገኖቻቸው ለዓመታት ገንዘብ አዋጥተው፣ መልእክተኛ ልከው፣ ተማጽነው ነው። ዙፋኑን ሲፈልጉ ሦስት መቶ ዓመት አላገኙትም፤ ትምህርትና ሥራ ላይ ሲያተኩሩ ግን ክብር አገኙ።

የእኛም አገር ታሪክ ይህንኑ ይላል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር ወጥተው እኩልነትን ጠየቁ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ መንግሥት ተለወጠ፤ በዚያው ዓመትም ዒዶቻችን የአገር በዓል ሆኑ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን አስፍሯል። በ2012 ዓ.ም. መጅሊሳችን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ይህ ሁሉ የተገኘው አንዱ ሃይማኖት በሌላው ላይ ስለነገሠ አይደለም፤ ማንም በማንም ላይ እንዳይነግሥ ስለተጠየቀ ነው።

ስለዚህ ለጀማዓችን አባላት ሦስት ነገር እንላለን። በመጀመሪያ ዲናችንን በምንናገርበት ቋንቋ እንያዘው። ቁርኣንን በዓረብኛ ቀርተን ትርጉሙን በአማርኛ ማስረዳት ካልቻልን ፓህላቪ እንደያዙት ሞበዶች እንሆናለን። ክረምት ወደየቀያችን ስንመለስ፣ በሊበንና በቡሬ ገጠር ላሉ ታናናሾቻችን ፊደልም ቁርኣንም እናስተምር፤ ከሰባትና ከስምንት ልጅ መጀመር ይበቃል። ቀጥሎም ታሪክን ሁለቱንም ወገን አንብበን እንከራከር። የክርስቲያን ጓደኛችን ስለ ግራኝ ሲያነሣ አንቆጣ፤ አንሸሽም፤ የምናውቀውን በእርጋታ እንናገር፣ የእሱንም እንስማ። በመጨረሻም ጉርብትናን እንጠብቅ። አያቶቻችን በገበያ ሚዛን፣ በለቅሶና በሠርግ የገነቡትን መተማመን እኛ በፌስቡክ ጽሑፍ ልናፈርሰው አይገባም።

መጁሶች መመለስ ይችሉ ነበርን? ምናልባት በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱና ገበሬው ተስማምተው ቢሆን ኖሮ። አላሁ አዕለም። እኛ ግን የምንመልሰው ዙፋን የለንም፤ የምንጠብቀው አማና ግን አለን። እሱም በየቤቱ የሚቀራ ቁርኣን፣ በታማኝነት የሚያዝ ሚዛን፣ ለጎረቤት የሚደረግ ፍትሕ ነው። ይህን ማንም ንጉሥ አልሰጠንም፤ ማንም ንጉሥ ሲወድቅም አብሮ አይወድቅም፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።